ለዱቤ መዝገብ ሰርቨር መጫን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ «አጎቴ አዳማ ውስጥ የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። የዱቤ ሒሳቡን የምትይዝ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩለት። መስኮት ምናምን የላትም፤ ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ እየተጻፈላት ነው የምትሠራው። ሒሳቡን በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ በሚለያዩበት የጽሑፍ ፋይል ነበር የማስቀምጠው። ሰሞኑን ሴቭ እያደረገች ሳለ መብራት ሄደና ፋይሉ ግማሹ የለም። ጓደኞቼ ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር ጫን ይሉኛል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ከአጎቴ ሌላ የሚነካውም የለም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ማይኤስኪውኤል አትጫን። አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ለሚይዘው ሒሳብ ሰርቨር ማቆም ትርፉ ድካም ነው። ሰርቨር ማለት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከጀርባ መነሣት ያለበት ሌላ ፕሮግራም ነው። የራሱ ተጠቃሚ፣ የራሱ የይለፍ ቃል፣ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ካለ አጎትህ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ ሹፌር አስቁሞ ለአንተ ይደውላል። አንተ ደግሞ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ልትሆን ትችላለህ።

የሚያስፈልግህ ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ነው። እሱን ፍለጋ የትም አትሄድም። ፓይተን ከ2.5 ጀምሮ ይዞት ይመጣል፤ «ኢምፖርት ኤስኪውላይት 3» ብለህ መጀመር ነው። ከዚህ በታች ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ አንተ ኮዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትተይባቸዋለህ። የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞችን ግን በአማርኛ ብትሰጣቸው ፓይተንም ኤስኪውላይትም ይቀበሉሃል። ለእንዲህ ያለ የቤት ፕሮግራም እኔ አማርኛውን እመርጣለሁ። ቆይተህ ስትመለስበት የቱ ምን እንደሆነ አይጠፋህም።

ኤስኪውላይት ሰርቨር የለውም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ነው። ፕሮግራምህ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ፕሮግራምህ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ዳታው በሙሉ አንድ ፋይል ነው። የተጻፈበት ምክንያትም ከአንተ ጉዳይ ብዙ አይርቅም። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በፈረንጆቹ 2000 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሚዘጋጅ ሶፍትዌር ላይ ይሠራ ነበር። ያ ሶፍትዌር ዳታውን የሚያገኘው ከዳታቤዝ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ካልተነሣ ሶፍትዌሩም ሥራ ይፈታል። ሰውዬው በዚህ ተማሮ ፋይሉን በቀጥታ ከዲስክ የሚያነብ ዳታቤዝ ጻፈ። ዛሬ አንድሮይድ ስልክህ ውስጥ አለ፣ አይፎን ውስጥ አለ፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥም አለ። ለሕዝብ የተለቀቀ ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቅህም፣ ገንዘብ የሚያስከፍልህም የለም። ደግሞ «ላይት» ስለተባለ አትናቀው። አንዱ ፋይል እስከ 281 ቴራባይት መያዝ ይችላል። የአጎትህ ዱቤ እዚያ ከደረሰ ችግሩ የዳታቤዝ አይደለም።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። የሲኤስቪ ፋይልህ ለምን እንደጠፋ ካልገባህ አዲሱንም በዚያው መንገድ ታበላሸዋለህ። ፋይልን ለመጻፍ ስትከፍተው መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ያለው ይዘት መጥፋቱ ነው። ከዚያ ፕሮግራምህ መስመሮቹን አንድ በአንድ እንደገና ይጽፋል። መብራቱ በመሃል ከሄደ አሮጌው የለም፣ አዲሱም አላለቀም። አንድ የፍሪሲዮን ሽያጭ ለመጨመር ሙሉውን መዝገብ አጥፍተህ ስትጽፍ ነበር ማለት ነው።

ኤስኪውላይት እንዲህ አያደርግም። ፋይሉን በገጽ በገጽ ከፋፍሎ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት ነው። አንድ ገጽ ሊለውጥ ሲል መጀመሪያ የነበረውን ይዘት ወደ ጎን በሌላ ፋይል ይገለብጣል። የዚህ ፋይል ስም የዳታቤዙ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ «ጆርናል» የሚል ተቀጥላ አለው። ግልባጩ ዲስክ ላይ በትክክል ማረፉን ካረጋገጠ በኋላ ዋናውን ይነካል። ለውጡ ሲያልቅ የጆርናሉን ፋይል ያጠፋዋል። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ያ ፋይል ሲጠፋ ነው። መብራት በመሃል ከሄደስ? በሚቀጥለው ጊዜ ዳታቤዙ ሲከፈት ጆርናሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ኤስኪውላይት ያን አይቶ ግልባጩን ወደ ቦታው ይመልስና ፋይሉን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደነበረበት ያደርሰዋል። አንተ ምንም አትነካም። እንዲያውም አትንካ። «ይህ ምንድነው?» ብሎ የጆርናሉን ፋይል ከፎልደሩ የሚያጸዳ ሰው ብቸኛውን መዳኛ ነው የሚጥለው። ለአጎትህም ንገረው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጠቅምህ የትኛው ሥራ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስትነግረው ነው። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዳታቤዝ ስለተጠቀመ ብቻ ሒሳቡ የተጠበቀ ይመስለዋል። ኤስኪውላይት አጎትህ ምን እየሸጠ እንደሆነ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ትራንዛክሽን ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። መነሻና መድረሻውን የምታሰምረው አንተ ነህ።

በምሳሌ ላሳይህ። ነገ አጎትህ «የዕቃውንም ብዛት ያዝልኝ» ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ አንድ ሹፌር ሁለት ኩሽኔታ በዱቤ ወሰደ እንበል። አጎትህ ተርሚናሉ ላይ እንዲህ ይጽፋል፦

ዱቤ ስጥ 14 ኩሽኔታ 2

14 የደንበኛው ቁጥር ነው። ይህች አንድ መስመር ከውስጥ ሁለት ሥራ አላት። የዱቤ መዝገቡ ላይ ዕዳ መጨመርና ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ኩሽኔታ መቀነስ። ሁለቱን ለየብቻ ኮሚት ካደረግህ (ማለትም ለየብቻ ካጸደቅህ) በመሃላቸው መብራት ሊሄድ ይችላል። ያኔ ዕዳው ተመዝግቦ ዕቃው ሳይቀነስ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አድርጋቸው። በፓይተን ይህን ማድረግ ቀላል ነው። «ዊዝ» ብለህ የዳታቤዙን ግንኙነት ትሰጠዋለህ፣ ሁለቱን ትዕዛዞች ከሥሩ ገባ አድርገህ ትጽፋለህ። ሁለቱም በሰላም ካለፉ ራሱ ኮሚት ያደርጋል። በመሃል ስሕተት ከተፈጠረ ራሱ ሮልባክ ያደርጋል፤ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሳል።

የዕቃው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ብዛት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚል ገደብ አስቀምጥ፤ «ቼክ» በሚለው ቃል ነው የሚገባው። መደርደሪያው ላይ አንድ ኩሽኔታ ብቻ ቀርቶ አጎትህ በስሕተት ሁለት ቢጽፍ ምን ይሆናል? ዕዳው ይመዘገባል፤ ብዛቱን መቀነስ ላይ ሲደርስ ገደቡ ይከለክለዋል፤ ስሕተት ይነሣል፤ «ዊዝ» ሁሉንም ይመልሳል። ከአፍታ በፊት የተመዘገበው ዕዳም አብሮ ይሰረዛል። ሹፌሩ ያልወሰደውን ዕቃ ዕዳ አይሸከምም። አንተም አንድ «ኢፍ» አልጻፍክም። ለእኔ ኤስኪውላይትን ከሲኤስቪ የሚያስመርጠው ይኸው ነው። ፍጥነቱ ለአንድ ሱቅ ብዙም ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር ልብ በል። «ዊዝ» ኮሚት ያደርጋል እንጂ ግንኙነቱን አይዘጋም። መዝጋቱ የአንተ ሥራ ነው። ደግሞ «ዊዝ» ሳትጠቀም ዳታ ካስገባህና «ኮሚት» ማለት ከረሳህ፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ያስገባኸው ሁሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት አያሳይህም። «አስገብቼ ነበር፣ ስከፍተው የለም» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ሌላም ምክንያት ስላለው ነው። «ኮኔክት» ስትለው የሰጠኸው ፋይል ከሌለ ኤስኪውላይት አይቆጣም። አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥርልሃል። የፋይሉን ስም ብቻ ከሰጠኸው ደግሞ የሚፈልገው ተርሚናሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። አጎትህ ዛሬ ከዴስክቶፕ ላይ ከፈተው፣ ነገ ከሌላ ፎልደር ከፈተው፤ ሁለት ዳታቤዝ አለው ማለት ነው። «ዱቤው ሁሉ ጠፋ» ብሎ ሲደውልልህ ዱቤው አልጠፋም፤ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ኮዱ ውስጥ አስቀምጥ። ፓይተን የተጠቃሚውን ፎልደር ራሱ ስለሚያገኝልህ ከዚያ ተነሣ። ፕሮግራሙ ሲከፈትም የፋይሉን አድራሻ በአንድ መስመር ያሳይ።

አሁን ሠንጠረዦቹ። እዚህ ላይ ጊዜህን ስጥ፤ ኮዱን ነገ ትቀይረዋለህ፣ ሁለት ዓመት ዳታ የገባበትን ሠንጠረዥ መቀየር ግን ፈተና ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦

ክሪኤት ቴብል ደንበኛ (
ቁጥር ኢንቲጀር ፕራይመሪ ኪይ፣
ስም ቴክስት ኖት ነል፣
መፈለጊያ ቴክስት ኖት ነል፣
ታርጋ ቴክስት፣
ስልክ ቴክስት
) ስትሪክት

ክሪኤት ቴብል ሒሳብ (
ቁጥር ኢንቲጀር ፕራይመሪ ኪይ፣
ደንበኛ_ቁጥር ኢንቲጀር ኖት ነል ሬፈረንሲስ ደንበኛ(ቁጥር)፣
ሳንቲም ኢንቲጀር ኖት ነል ቼክ (ሳንቲም <> 0)፣
ቀን ቴክስት ኖት ነል፣
ማስታወሻ ቴክስት
) ስትሪክት

«ኢንቲጀር» ሙሉ ቁጥር፣ «ቴክስት» ጽሑፍ፣ «ፕራይመሪ ኪይ» የመስመሩ መለያ፣ «ኖት ነል» ባዶ አይተውም ማለት ነው። ሌላውን ከመጨረሻው ቃል ልነሣ። ኤስኪውላይት በተፈጥሮው ለዓይነት ግድ የለውም። ዓምዱን ኢንቲጀር ብለኸው «ሦስት መቶ» የሚል ጽሑፍ ብታስገባበት ዝም ብሎ ይቀበላል። አጎትህ «5,000» ብሎ በኮማ ቢጽፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ድምር ሲሠራ 5 ሺህ ሆኖ አይገባም። ማንም ሳያውቅ ዕዳ ይቀንሳል። «ስትሪክት» ይህን ይከለክላል። የመጣው በፈረንጆቹ 2021 በወጣው የኤስኪውላይት 3.37 እትም ላይ ስለሆነ አሮጌ ፓይተን ካለህ ላይሠራ ይችላል። በፓይተን «ኤስኪውላይት ቨርዥን» የሚለውን ጠይቀህ እይ። ከዚያ በታች ከሆነ ፓይተኑን አሳድገው፤ ካልተቻለ ቁጥሩን ከማስገባትህ በፊት ራስህ ወደ ኢንቲጀር ለውጥ።

ስልክን ቁጥር ነው ብለህ ኢንቲጀር አታድርገው። ስልካችን በዜሮ ነው የሚጀምረው፤ 09 ይሁን 07። ኢንቲጀር ዓምድ ውስጥ ሲገባ ዜሮዋ ትጠፋለች። «ስትሪክት» ከዚህ አያድንህም፣ እሱም በደስታ ይቀይረዋል። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ሁሉ ቴክስት ይሁን።

ብርን በሳንቲም ያዝ፤ ሙሉ ቁጥር ይሁን። 350 ብር ከ50 ሳንቲም 35050 ሆኖ ይቀመጥ። በነጥብ ያለው ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ደምረህ ብታይ 0.3 አይሰጥህም። ነጥቡን ለማሳየት ብቻ መጨረሻ ላይ ለ100 አካፍል።

«ቀሪ ዕዳ» የሚል ዓምድ ለምን እንደሌለ ሳትጠይቅ አልቀረህም። አያስፈልግም። ደንበኛው ሲወስድ ሳንቲሙን ፖዘቲቭ፣ ሲከፍል ኔጌቲቭ አድርገህ አስገባ። ቀሪው ሁልጊዜ ድምሩ ነው፤ «ሰም» ብለህ ታወጣዋለህ። ቀሪውን ለብቻው ካስቀመጥህ አንድ ቀን ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም። ያኔ የትኛውን ታምናለህ? በተሳሳተ የተጻፈንም አታጥፋው። ተቃራኒውን መስመር አስገባና ማስታወሻው ላይ ምክንያቱን ጻፍ። ሹፌሩ ከጂቡቲ ሲመለስ «እኔ ይህን አልወሰድኩም» ካለ አጎትህ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

«ሬፈረንሲስ» የሚለው ደግሞ የሌለ ደንበኛ ላይ ዕዳ እንዳይመዘገብ ነው። ግን ኤስኪውላይት ይህን ሕግ ብትጽፈውም በራሱ አያስከብርም። ከጥንት ፕሮግራሞች ጋር ላለመጣላት ሲል ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ግንኙነት በከፈትህ ቁጥር «ፕራግማ ፎሪን ኪይስ ኦን» በለው። አንድ ጊዜ ብቻ ብለህ አይሆንም፤ ፋይሉ ላይ አይቀመጥም። ዳታቤዙን የምትከፍት አንዲት ፋንክሽን ጻፍና እዚያ ውስጥ አስገባው። ሌላ ቦታ «ኮኔክት» የሚል ቃል አይኑር።

ቀኑ ትንሽ ያነጋግራል። ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የለውም፤ ጽሑፍ ነው የምታስቀምጠው። በእኛ አቆጣጠር 2017-13-03 ብለህ ብታስገባ አይከለክልህም፤ ቅደም ተከተሉም አይዛባም። ችግሩ የሚመጣው በራሱ የቀን ፋንክሽኖች ልታሰላ ስትል ነው። 13ኛ ወር አያውቁም፤ ባዶ ይመልሱልሃል። ስለዚህ በፈረንጆቹ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል አስቀምጥና ለአጎትህ ስታሳየው ብቻ ወደ እኛ ቀይረው። መቀየሪያውን ስትጽፍ በሁለት ቀን ፈትነው። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱንም ካገኘ ጳጉሜ 6 ያላትን ዓመት ያውቃታል ማለት ነው። ደግሞ «አሁን» የሚለውን ኤስኪውላይትን አትጠይቀው። እሱ የሚመልሰው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለውን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሸጠ ጎማ ወደ ትናንት ይዞርብሃል። ቀኑን ከፓይተን ወስደህ በጽሑፍ ስጠው።

«መፈለጊያ» ያልኩት ዓምድ ምን ይሠራል? ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ ነው፤ ከውጭ የምታነበው መማሪያ ላይ አታገኘውም። አጎትህ ደንበኛውን ሲመዘግብ «ኃይሉ» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ሲፈልገው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ያው ሰው ነው። ለኤስኪውላይት ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። «የለም» ይላል፣ አጎትህም እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፣ የአንድ ሰው ዕዳ ለሁለት ይከፈላል። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ፀሐይና ጸሃይ እንዲሁ።

መፍትሔው ስሙን ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ባለቤቱ እንደሚጽፈው፤ ለማሳያ። ሌላው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተሰብስበው፤ ለመፈለጊያ። ዩኒኮድ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ ፊደላችን በቤት በቤቱ በረድፍ ስለተቀመጠ ሥራው የመደመርና የመቀነስ ብቻ ነው። የሐ ቤት ከሀ ቤት በ16 ይርቃል፤ ስለዚህ 16 ቀንስ። ከኀ ላይ 128 ቀንስ። ሠ ላይ 16 ጨምርና ሰ ይሆናል። ከዐ ላይ 48 ቀንስ፣ አ ታገኛለህ። ከፀ ላይ 8 ቀንስ፣ ጸ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን በሉፕ አዙር። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አምጣቸው፤ እነሱንም ሰው እንደፈለገ ነው የሚጽፋቸው። አጎትህ የሚፈልገውንም ቃል በዚያችው ፋንክሽን አሳልፈህ ከመፈለጊያው ዓምድ ጋር አመሳስል። ቅደም ተከተል ላይ ግን አታስብ። ዩኒኮድ የሀ ሁ ገበታን ተከትሎ ስለሄደ «ኦርደር ባይ ስም» ስትለው ከለመድነው ተራ ብዙም አይወጣም።

ስም ብቻውን ደግሞ ሰው አይለይም። አበበ ከበደ የሚባል ስንት ሹፌር አለ? ታርጋውን ያስገባሁት ለዚህ ነው። ፍለጋው ከአንድ ሰው በላይ ካመጣ ፕሮግራሙ ራሱ አይምረጥ። ዝርዝሩን አሳይቶ ቁጥሩን ይጠይቅ።

ስም ካነሣን፣ ስሙን ወደ ትዕዛዙ ስታስገባ ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር አትቀጥል። የጥያቄ ምልክት አድርግና ዋጋውን ለብቻው ስጠው። ይህን ሁሉም ሰው በስም ቦታ ትዕዛዝ ጽፎ ዳታቤዙን ለሚያዛባ ሌባ ሲል ይመክራል። አንተ ግን አዳማ ነህ፤ ከሌባው በፊት የሚደርስብህ የደንበኛ ስም ነው። በቁቤ በተጻፈ ስም ውስጥ ሁዻ አለች፤ ያቺ ከላይ የምትቀመጠው ነጠላ ጭረት። የዳታቤዙ ቋንቋ ጽሑፍን የሚከፍተውና የሚዘጋው በዚያችው ምልክት ነው። ቀጥለህ ከጻፍከው ስሙ መሃል ላይ ትዕዛዙ ይቆረጥና ፕሮግራሙ ይወድቃል። በጥያቄ ምልክት ከሰጠኸው ምንም አይሆንም።

የጥያቄ ምልክቱ አንድ ብቻ ሲሆን ፓይተን ላይ የምታደናቅፍ ነገር አለች። ዋጋው በቅንፍ ሲሰጥ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል። ኮማውን ከረሳህ ፓይተን ቅንፉን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ጽሑፉን ራሱን እንደ ፊደላት ዝርዝር ያየዋል። «አበበ» ብለህ ብትሰጠው «የምፈልገው አንድ ነው፣ አንተ ሦስት ሰጠኸኝ» የሚል ስሕተት ይመልስልሃል። ሦስቱ አ፣ በ እና በ ናቸው። ይህን ስሕተት ስታይ ኮማህን ፈልግ።

ተርሚናሉን በሚመለከት አጭር ምክር። አሮጌው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት አማርኛን ባዶ ሳጥን አድርጎ ሊያሳይህ ይችላል። ዊንዶውስ ተርሚናል የሚባለውን አዲሱን ጫን። ያም ሆኖ ፊደላችን ስፋቱ እኩል ስላልሆነ ዓምዶቹ ይወላገዳሉ። ቁጥሩን፣ ቀሪውንና ቀኑን ከፊት አድርግ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይውጣ። ከእሱ በኋላ የሚሰለፍ ነገር ስለሌለ መወላገዱ አይታይም።

«ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» የሚል ካየህ አትደንግጥ። ኤስኪውላይት ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ፓይተን ካልነገርከው በቀር 5 ሰከንድ ይጠብቅና ተስፋ ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንተው ራስህ ነህ። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ከፍተህ አንድ ነገር ቀይረህ ሴቭ ሳታደርግ ትተኸዋል።

ፋይሉን በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ አድርገህ ከሁለት ኮምፒውተር ለመክፈት ግን አትሞክር። የኔትወርክ ፎልደሮች መቆለፊያውን በትክክል ላያስከብሩ ይችላሉ፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። አጎትህ ሞጆ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ይሥሩ ካለ፣ ያኔ ነው ሰርቨር የሚታሰበው። ያን ጊዜ ፖስትግሬስን እመክርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ይህ ይበቃሃል።

ኮፒ መያዝ አትርሳ። ጆርናል ከመብራት ያድናል፤ ከሞተ ዲስክና ከሌባ አያድንም። ፕሮግራሙ እየጻፈ ሳለ ፋይሉን በመዳፊት ጎትተህ ፍላሽ ላይ አትገልብጥ፤ ግማሹ ከለውጡ በፊት፣ ግማሹ ከለውጡ በኋላ የሆነ ፋይል ልትወስድ ትችላለህ። ፓይተን ውስጥ «ባክአፕ» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ እሱ በትክክል ይገለብጣል። «ዱቤ ቅጂ» የሚል አንድ ትዕዛዝ ጨምርና የቀኑን ስም የያዘ ፋይል ይፍጠር። አጎትህ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ይጻፋት። ብዙ ሰው ኮፒውን በቴሌግራም ለራሱ ይልካል፤ ክፋት የለውም። ግን የኤስኪውላይት ፋይል የተመሰጠረ አይደለም። ያገኘው ሁሉ የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ያነባል። በይለፍ ቃል ዚፕ አድርገህ ላከው።

የቀረው ከሲኤስቪው የተረፈውን ማስገባት ነው። ፋይሉ በኤክሴል ተከፍቶ ሴቭ ከተደረገ መጀመሪያው ላይ የማይታይ ምልክት ሊኖር ይችላል። ፓይተን ላይ ስትከፍተው ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ ኤይት ሲግ» በለው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ዓምድ ስም አልገኝም ይልሃል። መስመሮቹን ሁሉ በአንድ «ዊዝ» ሥር አስገባቸው። በየመስመሩ ኮሚት ካደረግህ እያንዳንዱ ዲስኩን ይጠብቃል። በአሮጌ ሐርድ ዲስክ በሰከንድ ጥቂት ደርዘን ኮሚት ብታገኝ ነው። በአንድ ትራንዛክሽን ከሆነ ግን በሰከንድ ሃምሳ ሺህ መስመር እንኳ አይከብደውም። አንዱ መስመር ላይ ስሕተት ከተገኘ ደግሞ ሁሉም ይመለሳል፤ አስተካክለህ ከመጀመሪያው ታስኬደዋለህ፣ ግማሹ ሁለት ጊዜ አይገባም። ሲያልቅ የእያንዳንዱን ደንበኛ ድምር አውጣና አጎትህ በእጁ ከያዘው ደብተር ጋር አብራችሁ አስተያዩት። የማይገጥም ስም ካለ ሰውዬው ራሱ መጥቶ እስኪተማመኑ ድረስ ዱቤ አትስጡት፤ የሌሎቹን ግን ከነገ ጀምራችሁ በአዲሱ ያዙ።